ከፋሲካ በኋላ ልነግረው ያሰብኩት

ይህን የምጽፈው በቀኝ እጄ ነው። በግራ እንዳልጽፍ ሐኪሙ ከልክሎኛል፤ የደከመ እጅ ሥራ ካጣ ጨርሶ ይረሳል ብሎኛል። ስለዚህ አንድ ገጽ ሁለት ቀን ይፈጅብኛል። መስመሩ ቢጣመም፣ ነገሩም አንዳንድ ቦታ ቢጎረብጥ ታገሡኝ።

የምነግራችሁ የሁለት ሰው ሕመም ነው፤ የባሌና የኔ። በሽታው አንድ ነው። ሐኪሞቹ ስትሮክ ይሉታል፤ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም መንገዱ ሲዘጋበት የሚመጣ ነው። እሱ ሞተ፣ እኔ ዳንኩ። የዳንኩት ከሱ የተሻልኩ ሆኜ አይደለም። በሱ ላይ ያጠፋሁትን በራሴ ላይ ስላልደገምኩት ነው። ይህን ደብቄ ስለ ቅቤና ስለ ኪኒን ብቻ ብጽፍላችሁ ሌላ ውሸት ይሆንብኛል።

ባሌ አያሌው በቆቦ የገበሬ ማኅበሩ ወፍጮ ቤት ይሠራ ነበር። ሞተሩን የሚያስነሳውም፣ ሲበላሽ የሚጠግነውም እሱ ነበር። ልጅ አልነበረንም። እናቱ እማማ ዝማም ከኛ ጋር ይኖሩ ነበር፤ ወንድ ልጃቸው እሱ ብቻ ነው። እኔ ስድስተኛ ክፍል ድረስ የተማርኩ ነኝ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲመጣ የቀበሌያችን አስተማሪ ሆንኩ። ከዘመቻው በፊትም ቢሆን የሰፈሩ ደብዳቤ የሚነበበው እኔ ዘንድ ነበር። ግንባር ካለ ልጅ፣ አሰብ ለሥራ ከሄደ ባል የመጣ ወረቀት ሁሉ በኔ ደጅ ያልፋል።

ክፉ ወሬ ያለበት ደብዳቤ እንዴት እንደሚነበብ የኛ አገር ሰው ያውቃል። ደግ ደጉን ታነባለህ። ክፉው መስመር ላይ ስትደርስ ፊትህ ሳይለወጥ ወረቀቱን ታጥፋለህ። ከዚያ ለቅርብ ዘመድ በጆሮው ትነግራለህ፤ እሱ ሽማግሌ ይሰበስባል፤ አንድ ቀን ጎሕ ሲቀድ ሄደው ያረዳሉ። መርዶ ለብቻ ሰው አይነገርም፤ በበዓል ዋዜማማ ጭራሽ ነውር ነው። እኔ ይህን ብዙ ጊዜ አድርጌዋለሁ። እናቶች በኋላ እጄን ስመው አመስግነውኛል። ጥሩ አንባቢ ማለት የት ላይ ማቆም እንዳለበት የሚያውቅ ነው ብዬ አምን ነበር።

የአያሌው ሕመም የጀመረው በታኅሣሥ ነው። ማሽላው ገብቶ፣ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ አህያና ሰው ተጨናንቆ ነበር። አብሮት የሚሠራው ሰይድ አመሻሹ ላይ ከሱ ጋር እቤት ድረስ መጣ።

«ትርንጎ፣ ሰውዬሽን ዛሬ ምን ነካው?» አለኝ። «ሞተሩን አጥፋው ሊለኝ ፈልጎ ‹ድመቷን አጥፋት› አለኝ። የቷን ድመት? ስለው ተቆጣ። ቁናውም ከእጁ ወደቀ።»

«አንተ ሃያ ዓመት ከሞተር ጋር ኖረህ ጆሮ የለህም» አለ አያሌው እየሳቀ። «ደግሞ እኔ ላይ ያላክካል።»

እኛም ሳቅን። ድካም ነው አልን። ሁሉም ነገር ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ መጥቶ አለፈ። ለዚህ ጽሑፍ አንባቢ መጀመሪያ የምለው ይህን ነው፤ ያለፈ ነገር ሁሉ የሄደ አይደለም። በሽታው ያን ቀን በር አንኳኩቶ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከእንቅልፉ ሲነሣ አፉ ወደ ግራ ተጣሞ ነበር። ጎረቤት ምች ነው አለ። ዳማ ከሴ ቅጠል ተጨምቆ አስሸተትነው፣ ፊቱን አሸነው። ወደ ቀትር አፉ ሲመለስ ዳማ ከሴው ሠራ ተባለ። ደግሞ ከጦር ሠራዊት ጡረታ የወጣ አንድ ድሬሰር በሰፈሩ ነበር። ጠራነው። ዐይኑን ገልጦ አየና «ደም ማነስ ነው» አለ። መርፌ ወጋው። ሲወጣም እማማ ዝማምን «እናቴ፣ ቅቤ አጠጡት» አላቸው።

ይህን ባይላቸውም ያጠጡት ነበር። በኛ ቆላ ሰው ሲታመም ጎረቤት የሚጠይቀው «ሐኪም አየው ወይ?» ብሎ አይደለም፤ «ቅቤ አለለት ወይ?» ብሎ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ አንድ ብርጭቆ የቀለጠ ቅቤ ይጠጣል። ጠያቂው ሁሉ በቅቤ የጠገበ አጥሚት ይዞ ይመጣል። ሰይድ ከአፋሮች የገዛውን የግመል ሻኛ አመጣለት፤ ንጹሕ ስብ ነው፤ ክርስቲያን ባይበላውም ለመድኃኒት ነው ተባለ። አያሌው ወፈረ። ፊቱ ወዛ። «እሰይ! ዳነ» ተባለ።

በጥር መጨረሻ ደጃፍ ላይ ወደቀ። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አልታዘዝ አሉት።

ከቀበሌ የነጻ ሕክምና ወረቀት አጽፈን በአውቶብስ ደሴ ወሰድነው። በየኬላው ሰው ሲወርድ እሱ ግን አልወረደም፤ ሰይድ ለፈታሹ ሁሉ «ጓድ፣ በሽተኛ ነው» እያለ አልፈናል። ደሴ ለኛ ለቆላ ሰዎች ብርዷ የሚጠላ ነው። የሆስፒታሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ከንጋት እስከ ቀትር ተቀመጥን። ከደጋ የመጣች አንዲት የማላውቃት ሴት ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ አይታ የጋቢዋን ግማሽ በትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችልኝ። ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ቀስ ብሎ የሚናገር። ማዳመጫውን የአያሌው ደረት ላይ አድርጎ ቆየና ወደ አንገቱ ወሰደው።

«ዶክተር፣ ልቤ ወደዚያ ወጥታለች እንዴ?» አለው አያሌው በሚኮላተፍ አፉ።

ሐኪሙ ሳቀና ማዳመጫውን በኔ ጆሮ ላይ አደረገልኝ። «ስሚው» አለኝ። ሹ... ሹ... የሚል ድምፅ ሰማሁ።

«አገራችሁ ጎርፍ ጠልፋችሁ ታጠጣላችሁ አይደል?» አለን። «ቦዩ ደለል ሲሞላው ውኃው ምን ይሆናል?»

«ይጠብበትና ይጮኻል» አለ አያሌው። «ኋላም ሞልቶ ይደፈናል።»

«አንተ አንገት ውስጥ ያለው እሱ ነው። ወደ አንጎል ደም የሚያደርሰው ቦይ ነው። ደለሉ ስብ ነው፤ በደምህ ውስጥ ሲበዛ በግድግዳው ላይ ይጋገራል። የጭንቅላትህን ውስጥ የሚያሳየኝ መሣሪያ የለኝም እንጂ ከላይም እንዲሁ ሳይሆን አይቀርም።»

ከማታ ጀምሮ ምንም ሳይበላ አድሮ በማግስቱ ደም ተወሰደለት። ምርመራው አዲስ አበባ የሚላክ ነበር። ሐኪሙ ግን አንዷን ብልቃጥ አስቀርቶ አሳደራትና ጠርቶ አሳየኝ። ቀዩ ደም ወደ ታች ዘቅጧል። ከላይ የሰፈፈው ነጭ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ወተት ንጬአለሁ፤ ምን እንደማይ አላጣሁትም። ለአያሌው ስነግረው «ታዲያ ናጪኝና ቅቤውን አውጪዋ» አለኝ።

ቅቤና የሥጋ ስብ ጨርሶ እንዲቀር፣ ጨው እንዲቀንስ፣ የግፊት ኪኒንና ትንሽ አስፕሪን በየቀኑ እንዲውጥ ታዘዘ። አፉን አድርቆ የነገረን ግን «በየቀኑ» የምትለዋን ቃል ነው።

እቤት ስንመለስ የዐቢይ ጾም ገባ። ጎረቤት «በሽተኛ አይጾምም፣ ቄሱ ይፈቱታል» ብሎ አጥሚቱን ይዞ መጣ። አያሌው ግን «ዘንድሮ ቄሱና ሐኪሙ ተስማምተውብኛል፤ በሁለት መንግሥት የታሰረ ሰው ማን ያስፈታዋል?» እያለ መለሳቸው። ሽሮ፣ ጎመን፣ ምስር በላ። ኪኒኑን በጠዋት እኔ በእጁ ላይ አኖርለታለሁ። ከሣ። በስድስተኛው ሳምንት ቁና አነሣ። ሆሳዕና ሳምንት ሲቀረው ደሴ ሄደን እንደገና ደም ሰጠ። ሐኪሙ ውጤቱን ከምክር ጋር ጽፌ በሾፌር እልክላችኋለሁ አለን።

ወረቀቱ በጸሎተ ሐሙስ ደረሰ። አያሌው መደብ ላይ ተቀምጦ ነበር። እማማ ዝማም ጥጥ ይፈትሉ ነበር። ከጥግ በኩል ከዞብል ያስመጡት ቅቤ በቅል ሞልቶ ተቀምጧል። ልጃቸው ከሞት ተርፎ ለፋሲካ ስለደረሰላቸው በሰፈሩ ሁሉ ሲያወሩ ሰንብተዋል። እሱም እንደ ልጅ ቀን ይቆጥር ነበር።

ከፍቼ አነበብኩ። በደሙ ውስጥ የታየው ስብ ከመጀመሪያው በእጅጉ መውረዱን፣ ግፊቱም መሻሻሉን ይናገራል። እማማ ዝማም እንዝርታቸውን ጥለው እልል አሉ። አያሌው ዐይኑን በመዳፉ ሸፈነ።

ከዚያ በታች ያለው መስመር እንዲህ ይላል፤ «ይህ ማለት ሕመሙ ድኗል ማለት አይደለም። የጠበበው የደም ሥር እንደጠበበ ነው። ስቡ የወረደው በጾሙና በመድኃኒቱ ነው። ከጾም በኋላ ወደ ቀድሞው ምግብ እንዳይመለሱ፤ መድኃኒቱን አንድ ቀን እንኳ እንዳያቋርጡ።»

በዐይኔ አነበብኩት። በአፌ አላነበብኩትም። እጄ የለመደውን አደረገ፤ ወረቀቱን አጠፈ።

«ስለ ኪኒኑስ ምንም አላለም?» አለኝ አያሌው።

«አላለም» አልኩት።

ክፋት አልነበረብኝም። ለሰው ስሠራ የኖርኩትን ነው የሠራሁት። ደስታቸውን በበዓል ዋዜማ አልቀማም፤ ዳግማይ ትንሣኤ ይለፍና የንስሐ አባቱንና ሰይድን ጠርቼ፣ ተሰብስበን፣ በወጉ እንነግረዋለን ብዬ አሰብኩ። ሳምንት ምን አላት? ግን እውነቱ እሱ ብቻ አይደለም። እማማ ዝማም እልል ሲሉ «ሚስቱ ከለከለችው» መባልንም ፈርቻለሁ። ሰፈሩ ሁለት ወር ሙሉ «ትርንጎ ባሏን በጎመን ትቀጣዋለች» ሲል ሰምቻለሁ። እኔም ደክሞኝ ነበር።

በቅዳሜ ጠዋት ኪኒኑን ሳቀብለው እጄን መለሰው። «ለሌላ በሽተኛ ስጪልኝ» አለኝ። ያኔም መናገር እችል ነበር። ኪኒኑን ወደ ብልቃጡ መለስኩት።

በፋሲካ በላ። ሳምንቱን ከቤት ቤት እየተጠራ በላ። ዓርብ ዕለት ወፍጮ ቤት ውስጥ ሞተሩ እየዞረ ሳለ ወደቀ። ሰይድ የሞተሩን ቀበቶ አውርዶ፣ እሱን በጀርባው አዝሎ ወጣ። ደሴ ስንደርስ አይናገርም። ዐይኑ ግን ያውቀኝ ነበር፤ ይህን ነው የማልረሳው። በአራተኛው ቀን፣ በዳግማይ ትንሣኤ ማግሥት፣ ዐረፈ።

ሐኪሙ ኮሪደር ላይ አገኘኝ። «ወረቀቱ አልደረሳችሁም?» አለኝ። አፌን ከፈትኩ፤ ቃል አልወጣኝም። እሱ አልደረሰም ማለቴ መሰለው። ግንባሩን ያዘ። «ጥፋቱ የኔ ነው። በሰው እጅ መላክ አልነበረብኝም። ጠርቼ በአፌ መንገር ነበረብኝ» አለ። አላረምኩትም። እዚያው አንድ ረዳት እማማ ዝማምን «ቅቤ አብልታችሁት ነው አይደል?» ብላ ተቆጥታቸው ነበር። ያን አንድ ንግግር ይዘው ቆቦ ገቡ። ለቅሶው ላይ ደረታቸውን እየመቱ «ቅቤዬ ገደለው! በገዛ እጄ ቅቤ አጠጥቼ ገደልኩት!» ይሉ ነበር። ለቀስተኛው አባበላቸው። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ዝም አልኩ።

ከዚያ በኋላ እማማ ዝማም ቅቤ በአፋቸው አልዞረም። ፀጉራቸውን እንኳ መቀባት ተዉ። ሰባ ዓመት የተቀባ ፀጉር ደርቆ እንደ ገለባ ሲሰባበር በየቀኑ አያለሁ። «እማዬ፣ ራስዎን ልቀባዎት» ስላቸው «ያ ነገር አይንካኝ፤ የልጄ ደም አለበት» ይሉኛል። አንድ ዓረፍተ ነገር ብናገር ያ ሸክም ይወርድላቸው ነበር። ነገ እላለሁ። ከአርባው በኋላ እላለሁ። ከተዝካሩ በኋላ እላለሁ። የራሴን ነገር ደግሞ ረሳሁት። ከአንድ ሞሰብ ነው የበላነው፤ የሱ ደም ሲመረመር የኔም ሊመረመር ይገባ እንደነበር አላሰብኩም።

በሁለተኛው ዓመት፣ ኅዳር ውስጥ፣ በቀበሌ አዳራሽ ለማታ ተማሪዎቼ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ጠመኔው ከእጄ ወደቀ። ጎንበስ ብዬ ማንሣት አቃተኝ። ቀና ብዬ የጻፍኩትን ሳየው ፊደሉ ፊደል መሆኑ ጠፋብኝ፤ የዶሮ ጭረት መሰለኝ። ምን እንደሆነ ወዲያው ዐወቅኩ። ለተማሪዎቼ ልነግራቸው ስል ከአፌ የወጣው «እንዴ» ብቻ ነው። እንዴ፣ እንዴ፣ እንዴ።

ተሸክመው እቤት አደረሱኝ። አንዷ ጎረቤት ዳማ ከሴ ይዛ ስትሮጥ እማማ ዝማም በሩ ላይ ቆሙባት።

«ይህ የልጄ በሽታ ነው!» አሉ። «ምች የሚል ሰው ደጄን እንዳይረግጥ! ያ መርፌ ወጊም ቢመጣ በዱላ ነው የምቀበለው። ሰይድ! መኪና ፈልግ!»

ሰይድ እህል የጫነ መኪና አቁሞ ሾፌሩን በአላህ ለመነው። ጋቢና ውስጥ ራሴ በእማማ ዝማም ጭን ላይ ነበር። ሌላ ፍርሃት አልነበረብኝም። ከዚህ በኋላ ባልናገርስ? እኚህ ሴትዮ የኔን ጥፋት ተሸክመው ቢቀበሩስ? ሞት ከዚያ ቀጥሎ ነበር የሚታየኝ።

ሐኪሙ ያው ሐኪም ነው። አንገቴን አዳመጠ፤ የኔም ይጮኻል። ደሜ ተወሰደ። ከአያሌው ያነሰ ቢሆንም ስቡ በዝቶብኛል፤ ግፊቴም ከፍ ብሏል። «ቶሎ በመምጣትሽ ዕድለኛ ነሽ» አለኝ። ከዚያ ወደ እማማ ዝማም ዞረ።

«እናቴ፣ ዛሬ ምክሩን በወረቀት አልልክም፤ ለእርስዎ በአፌ እነግርዎታለሁ። ባለፈው ለልጅዎ የላክሁት ወረቀት መንገድ ላይ ስለቀረ...»

«የምን መቅረት?» አሉ እማማ ዝማም። «ወረቀትማ መጥቷል። ይቺው አይደለች እንዴ በጸሎተ ሐሙስ ያነበበችልን? ድኗል ይላል ብላ!»

ሁለቱም ወደኔ ዞሩ።

«እንዴ» አልኩ።

እማማ ዝማም «ሌላ ወረቀት ይሆናላ» ብለው ተዉት። ሐኪሙ ግን አልተወውም። ዐይኔን ለረጅም ጊዜ አየና ሁሉንም አነበበው። አልተቆጣም። ሌላ ጊዜ ብቻዬን ሲያገኘኝ «ንግግርሽ ይመለሳል» አለኝ። «ሲመለስ መጀመሪያ ለማን ምን እንደምትናገሪ አንቺ ታውቂያለሽ።» ቀጥሎ የነገረኝን ደግሞ ለናንተም እነግራችኋለሁ፤ እውነት ስለሆነ። የአንድ ሳምንት ቅቤ ደም ሥር አይዘጋም። የጠበበው በብዙ ዓመት ነው። መድኃኒቱን ባያቋርጥ ይተርፍ እንደሆነ ግን እኔም አላውቅም፣ አንቺም አታውቂም አለኝ። ይህ ቢያጽናናኝ ደስ ባለኝ።

የማገገሚያዬ አስተማሪ እማማ ዝማም ነበሩ። ሐኪሙ ጣቶቿን በጥቃቅን ነገር ያሠሩላት ስላላቸው በየጠዋቱ ማሽላና ጤፍ ደባልቀው በሰፌድ ያቀርቡልኛል፤ ማሽላውን በቀኝ እጄ እየለቀምኩ አወጣለሁ። መጀመሪያ ላይ አንዲት ፍሬ ለማንሣት ያልበኝ ነበር። ምግቤ ያው የአያሌው ጎመንና ምስር ነው፤ ጨው የለውም፣ ቅቤ የለውም። ኪኒኔን በእጄ አይሰጡኝም፤ ምላሴ ላይ አኑረው እስክውጥ ቆመው ያያሉ።

ለንግግሩ ደግሞ የመሠረተ ትምህርቱን የፊደል ገበታ ከግድግዳ ላይ አወረዱት። በዘመቻው ጊዜ እሳቸውን ማስተማር አልቻልኩም ነበር፤ ግማሹን ተምረው «ዐይኔን አመመኝ» ብለው ጠፍተዋል። አሁን በሚያውቋት ግማሽ ገበታ ላይ ጣታቸውን እየጎተቱ እኔን ያስተምሩኛል።

«ለ በዪ።»

«እንዴ።»

«እንዴ ይበልሽ! ለ! ያኔ እኔን ‹ዳተኛ ተማሪ› ትዪኝ አልነበር? በይ እስቲ፣ ዳተኛዋ ማን ናት ዛሬ?»

እሳቸው ይስቃሉ። እኔ አለቅሳለሁ። ሕመሙ የሚያስለቅሰኝ ይመስላቸዋል።

በጥምቀት ሰሞን «ለ» አልኩ። በየካቲት ስማቸውን ጠራሁ። ሁለት ሦስት ቃል አያይዤ መናገር የቻልኩት ግንቦት ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲያ ማሳበቢያ አልነበረኝም። አንድ ጠዋት ሰፌዱን ሲያቀርቡልኝ እጃቸውን ያዝኩ።

«እማዬ። ወረቀቱ።»

«የቱ ወረቀት?»

«የአያሌው። አልጨረስኩትም። ታች... ሌላ ነበር። ‹አልዳነም› ይላል። ‹ኪኒን እንዳይተው› ይላል። ‹ቅቤ...›»

«ማን እንዳታነቢ ከለከለሽ?»

«ማንም። ራሴ። ለበዓሉ ብዬ። ኋላ... ልነግረው።»

እጃቸውን ከእጄ አወጡ። ሰፌዱን ወደ ራሳቸው ሳቡት።

«እኔ ያን ሁሉ ጊዜ ደረቴን ስመታ» አሉ፣ «አጠገቤ ነበርሽ።»

«አዎ።»

«ሰምተሽኛል።»

«አዎ፣ እማዬ።»

ተነሥተው ነጠላቸውን አጣፉና ሮቢት ወዳለችው ሴት ልጃቸው ሄዱ። ሁለት ሳምንት አልተመለሱም። ሰይድ ውኃና እንጀራ እየላከልኝ ከረምኩ። ከነዚያ ቀኖች ሦስቱን ኪኒኔን አልዋጥኩም፤ እሱ ያልዋጠውን እኔ ለምን እውጣለሁ አልኩ። ሰይድ የብልቃጡን ፍሬ አለመጉደል አይቶ ዐወቀብኝ።

«አንቺ ስትሞቺ እሱ ይነሣል?» አለኝ። «አላህ ሲጠይቅሽ ‹ኪኒን ትቼ ካስኩት› ልትዪ ነው? ዋጪ!»

ዋጥኩ።

እማማ ዝማም በገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ ተመለሱ። ፀጉራቸው ተቀብቶ ነበር፤ ልጃቸው ቀብታቸው ይሆናል። ቅቤው በፀሐዩ ቀልጦ ግንባራቸው ላይ ይወርዳል። በሩ ላይ ቆመው አዩኝ።

«ይቅር ብዬሽ የመጣሁ እንዳይመስልሽ» አሉ። «ይቅርታውን ፈልጌ አጣሁት። ልጄ ቤት ፈለግኩት፣ ቤተ ክርስቲያን ፈለግኩት፤ የለም። ሲመጣልኝ እነግርሻለሁ። አንቺ አትለምኚኝ።»

«እሺ እማዬ።»

«ደግሞ ለኔ ብቻ መናገርሽ አይበቃም። ያንን ሐኪም ሄደሽ ጥፋቱ ያንተ አይደለም በዪው። ሰፈሩም ይስማ። እጅሽ ሲፈታ ጻፊው። በየቀበሌው እንዳንቺ ለሰው የሚያነብ አለ፤ እሱም ለደግነት ብሎ እንደሚያጥፍ ማን ያውቃል?»

ደሴ ሄጄ ነገርኩት። ሰማኝና «ዐውቄ ነበር፤ መናገርሽ ግን ለኔም ጥሩ ነው» አለኝ። አሁን ደግሞ ይኸው ጻፍኩት።

የቆቦ፣ የሮቢት፣ የጎብዬ ሰዎች፤ ሰው ድንገት ቃል ከጠፋው፣ አፉ ከተጣመመ፣ አንድ እጁ ከዛለ፣ ቢያልፍለትም እንኳ፣ ዳማ ከሴውን አስቀምጣችሁ ሐኪም ጋ ውሰዱት። የታመመን ሰው በቅቤ አታክሙት። ደም መርምሮ «ስቡ ወርዷል» ቢላችሁ እንደ ነጻ መውጫ አትያዙት፤ ያወረደውን ነገር ስትተዉት ይመለሳል። የሐኪም ወረቀት ደግሞ መርዶ አይደለም። ሽማግሌ አይጠብቅም፣ በዓል አይጠብቅም። በሽተኛው ፊት እስከ መጨረሻው መስመር ይነበብ። ማንበብ የማትችሉም አንባቢውን «ጨርሰህ አንብብልኝ» በሉት።

እኔ አሁን በራሴ እግር ገበያ እወርዳለሁ። ስናደድ ቃል ይጠፋኛል እንጂ በደኅናው ጊዜ እናገራለሁ። ደሜን በየጊዜው እመረመራለሁ። ከእማማ ዝማም ጋር ነው የምኖረው። ጨው የሌለውን ወጥ እያማረሩ አብረውኝ ይበላሉ። የፈለጉት ነገር እስካሁን አልመጣላቸውም። ቢመጣላቸው እንደሚነግሩኝ ዐውቃለሁ፤ እሳቸው ነገር ደብቀው አያውቁም።